የማን ሼፐርድ ይመለስ?

አንድ ድርሰት ካለቀ በኋላ ‹‹በሚቀጥለው ክፍል ዋናው ባለታሪክ ማን ይሆን?›› ብሎ መጠየቅ የሥራ ፈት ወሬ ይመስላል። ደራሲው ያውቃል፤ እኛ ደግሞ ሲታተም እናነበዋለን፤ በቃ። ዳሩ ግን ድርሰቱን በከፊል የጻፍነው እኛው ራሳችን ከሆንን ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ይኸው ነው። መነሻዬ መጽሐፍ ሳይሆን የቪዲዮ ጌም ነው። ጌምን የልጆች ጉዳይ አድርጎ የሚያይ አንባቢ አይጠፋምና ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። ነገሩ ስለ ሞት፣ ስለ ምርጫና ስለ ቃል መጠበቅ ነው።

ጌሙ ‹‹ማስ ኢፌክት›› ይባላል። የሠራው በካናዳ ኤድመንተን ከተማ በ1995 የተቋቋመው ባዮዌር የተባለ ኩባንያ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ2007፣ ሁለተኛው በ2010፣ ሦስተኛው በ2012 ወጣ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ የሚፈጸመው በ22ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። የሰው ልጅ ከምድር ወጥቶ፣ ከሌሎች ዓለማት ፍጡራን ጋር ተዋውቆ፣ እንደ አዲስ መጤ ጎረቤት አንዴ እየተናቀ አንዴ እየተፈራ ይኖራል። በዚህ መካከል ‹‹አጫጆች›› የሚባሉ ግዙፍ ማሽኖች ይመጣሉ። እነዚህ በየ50 ሺህ ዓመቱ ከጨለማው ኅዋ ብቅ እያሉ የሠለጠነውን ፍጡር ሁሉ ጠራርገው የሚያጭዱ ናቸው። ይህን ለማስቆም የተነሡት የጦር መኮንን ኮማንደር ሼፐርድ ናቸው።

‹‹ናቸው›› ማለቴ ከአክብሮት ብቻ የመጣ አይደለም። ጌሙ ሲጀመር ተጫዋቹ ሼፐርድን ወንድ ወይም ሴት ያደርጋቸዋል፤ መልካቸውን ይቀርጻል፤ አስተዳደጋቸውንም ይመርጣል። በመርከብ ላይ ከወታደር ወላጆች ጋር ያደጉ፣ በሩቅ የሠፈራ ጣቢያ ቤተሰባቸው ያለቀባቸው፣ ወይም በምድር ጎዳና ላይ ያለ እናት ያለ አባት ያደጉ ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያ ስማቸውንም የሚያወጣው ተጫዋቹ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ስም የሚጠራቸው የለም። ንግግሩ ሁሉ አስቀድሞ በተዋንያን ድምፅ የተቀረጸ ስለሆነ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚያወጣውን ስም መጥራት አይቻልም፤ ስለዚህ ሁሉም ‹‹ሼፐርድ›› ብቻ ይሏቸዋል። ወንዱን ማርክ ሚር፣ ሴቷን ጄኒፈር ሄል በድምፅ ተጫውተዋቸዋል። እንግሊዝኛ ፊት ለፊት ለሚያናግሩት ሰው ጾታ ስለማይለይ ደራሲዎቹ በዚህ በኩል ብዙ አልተቸገሩም። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ አንዴ ‹‹አንተ›› አንዴ ‹‹አንቺ›› እያሉ ንግግሩን ሁሉ ሁለት ጊዜ መቅረጽ ግድ ይል ነበር። ከዚህ የሚያወጣን አንቱታ ብቻ ነው። ኮማንደር ናቸውና ማዕረጉም ይፈቅድላቸዋል፤ እኔም እስከ ጽሑፉ መጨረሻ አንቱ እንዳልኳቸው እዘልቃለሁ።

ማስ ኢፌክትን ከብዙ ጌሞች የለየው ግን መልክና ስም ማስመረጡ አይደለም። ተጫዋቹ በመጀመሪያው ክፍል የወሰነው ውሳኔ በፋይል ተቀምጦ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ክፍል ይሻገራል። በመጀመሪያው ክፍል ቨርማየር በምትባል ፕላኔት ላይ አሽሊና ኬይደን የሚባሉ ሁለት ወታደሮች በተለያየ ቦታ ይከበባሉ። ማዳን የሚቻለው አንዱን ብቻ ነው። ብልህነትም ሆነ ፍጥነት ሁለቱን አያድንም። የሞተው ሞተ፤ ከዓመታት በኋላ በወጣው ሦስተኛ ክፍል ስሙ በመርከቡ የመታሰቢያ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የዳነው ደግሞ በሁለተኛው ክፍል መጥቶ ሼፐርድን ፊት ለፊት ይወቅሳል። በዚሁ በሁለተኛው ክፍል ፍጻሜ ላይ ባለው ዘመቻ ተጫዋቹ ዝግጅቱን ካጓደለ ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ያልቃሉ፤ ሲብስም ሼፐርድ ራሳቸው ይሞታሉ። እንዲህ የሞቱ ሼፐርድ ወደ ሦስተኛው ክፍል አይሻገሩም፤ ፋይሉ ተቀባይነት የለውም። በልቦለድ ዓለም ይህን ያህል ጨካኝ ሐቀኝነት ያየሁበት ቦታ ጥቂት ነው።

በከተማችን የፕሌይስቴሽን ቤቶች በብዛት የሚዘወተረው የእግር ኳስ ጨዋታ ስለሆነ፣ ማስ ኢፌክትን የመሰለ ለብቻ ተቀምጠው ለብዙ አሥር ሰዓታት የሚጫወቱት ነገር እዚያ ቦታ የለውም። ቢሆንም ከእነዚያ ቤቶች አንድ ነገር መማር ይቻላል። ልጁ ኳሷን መረብ ላይ ሲያሳርፍ ‹‹አገባሁ!›› ነው የሚለው፤ ‹‹አገባልኝ›› አይልም። በተኩስ ጨዋታም ሲሸነፍ ‹‹ሞትኩ!›› ብሎ ይጮኻል። የልቦለድ አንባቢ ግን የቱንም ያህል ቢያለቅስ ‹‹በዛብህ ሞተ›› ይላል እንጂ ‹‹ሞትኩ›› አይልም። ይህች ትንሽ የሰዋስው ልዩነት ብዙ ነገር ትሸከማለች። አንባቢ ለባለታሪኩ ያዝናል፤ ተጫዋች ግን በባለታሪኩ እጅ ያደርጋል፣ በባለታሪኩ አፍ ይናገራል፣ ስለዚህም በባለታሪኩ ሥራ ይጠየቃል። አሽሊን ለሞት የተወ ሰው ‹‹ደራሲው ገደላት›› ማለት አይችልም። ‹‹እኔ ተውኳት›› ነው የሚለው፤ ለምን እንደተዋትም ያውቃል።

እንግዲህ ሼፐርድ ማን ናቸው? ይህን ሳንመልስ ይመለሱ አይመለሱ እያልን ብንከራከር ከንቱ ነው። ጌሙ ራሱ ጥያቄውን አጥብቆ ይዞታል፤ ምክንያቱም ሼፐርድ አንድ ጊዜ ሞተው ተነሥተዋል። ሁለተኛው ክፍል ሲጀመር መርከባቸው ኖርማንዲ በጠላት ተመትታ ትሰባበራለች፤ እሳቸውም ወደ ኅዋ ተወርውረው፣ አየር አጥሯቸው ይሞታሉ። ሴርበረስ የሚባል ስውር ድርጅት አስከሬኑን ያገኝና ሁለት ዓመት ደክሞ፣ በጨዋታው ገንዘብ 4 ቢሊዮን አፍስሶ እንደገና ይሠራቸዋል። የሥራው ስም ‹‹ፕሮጀክት ላዛረስ›› ነው። ላዛረስ የእኛው አልዓዛር ነው። የወንጌሉ አልዓዛር ከአራት ቀን መቃብር ሲወጣ ‹‹ለመሆኑ እኔ ያው እኔ ነኝን?›› ብሎ ስለመጠየቁ የተጻፈ የለም። ሼፐርድ ግን ይጠይቃሉ። በሦስተኛው ክፍል የሴርበረስን ጣቢያ ሰብረው ሲገቡ ስለ ራሳቸው አስከሬን የተቀረጸ ምስል ያያሉ፤ አንጎላቸው ሳይቀር ሞቶ እንደነበር ይሰማሉ። ሼፐርድ የሆነ የሚመስለው ማሽን ብቻ እንዳይሆኑም ይጠረጥራሉ።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ የአንድ ልዑል ኅሊና ከነትዝታው ወደ ጫማ ሰፊ ገላ ቢገባ ሰውየው ማን ይሆናል? ብሎ ጠይቆ ነበር። መልሱንም ከገላው ላይ አንሥቶ ኅሊናው ላይ አኖረው። የልዑሉን ሥራ የሚያስታውስ እርሱ ልዑሉ ነው፤ ስለ ልዑሉም ሥራ የሚጠየቀው እርሱ ነው። በሎክ ሚዛን ከላዛረስ የወጡት ሼፐርድ ያው ሼፐርድ ናቸው። የጌሙ ደራሲዎች ግን በዚህ አልረኩም። በ2013 ‹‹ሲታደል›› የተባለ ተጨማሪ ክፍል ሲያወጡ፣ ሴርበረስ ለመለዋወጫ አካል ያሳደገውን የሼፐርድ ግልባጭ ይዘው መጡ። መልኩ ያው ነው፤ ደሙ ያው ነው፤ ድምፁም ያው ነው። ስማቸውን ወስዶ መርከባቸውን ሊሰርቅ ይነሣል። በመጨረሻ ሁለቱም ከምትበረው መርከብ ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ይታያሉ። ለሼፐርድ ባልደረቦቻቸው ሮጠው ይደርሱላቸዋል፤ የግልባጩ ተባባሪ ግን አይታው፣ ጥላው ትሄዳለች። ያ ተጨማሪ ክፍል ግማሹ ቀልድ ነው። ቢሆንም በእኔ አስተያየት በሦስቱ ክፍሎች ውስጥ ካለው ፍልስፍና ሁሉ ይህ ትዕይንት ይበልጣል። ሁለቱን የለየው ገላ አይደለም፤ ትዝታም ብቻ አይደለም። አንደኛው በሠራው ሥራ የተነሣ እጁን የሚይዝለት ሰው አለው፤ ሌላው የለውም።

ይህ ከሆነ ሼፐርድ ማለት የሠሩት ሥራና ያንን ሥራ ያዩ ሰዎች ናቸው። ሥራውን የመረጠው ደግሞ ተጫዋቹ ነው። እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚጀምረው፤ ምክንያቱም በዓለም ላይ አንድ ሼፐርድ የለም። አሽሊን ያዳኑ ሼፐርድ አሉ፤ ኬይደንን ያዳኑ ሼፐርድ አሉ። ክሮጋን የተባለውን ተዋጊ ሕዝብ ከመካንነት መቅሠፍት የፈወሱ አሉ፤ መድኃኒቱን ሰጠሁ ብለው ያታለሉም አሉ። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታችን ከላይ እንዳልኩት የድምፅ ቀረጻ ጉዳይ ነው።

የሦስተኛው ክፍል ፍጻሜ ይህን ልዩነት ወደ ሞት ይወስደዋል። አጫጆቹን የሚያስቆመው መሣሪያ ዘንድ የደረሱት ሼፐርድ፣ ቆስለው ደማቸው እየፈሰሰ፣ መንገዶች ይቀርቡላቸዋል። አጫጆቹን ማጥፋት አንዱ ነው፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ አጫጆቹ ብቻ አይጠፉም፤ ጌዝ የተባለው የማሽን ሕዝብና ኤዲ የተባለችው አሳቢ የመርከብ ባልደረባም አብረው ይጠፋሉ። ሌላው አጫጆቹን መቆጣጠር ነው፤ ይህም ገላን አቃጥሎ ኅሊናን ብቻ ወደ ማሽኖቹ ማስገባት ነው። ሦስተኛው ራስን ወደ ብርሃኑ ወርውሮ ሥጋና ማሽንን በመላው ዓለማት ማዋሐድ ነው። የተጫዋቾች ቁጣ ገንፍሎ ስለነበር በሰኔ 2012 ማራዘሚያ በነፃ ተሰጠ፤ በዚያም ‹‹አልመርጥም›› የሚል አራተኛ መንገድ ተጨመረ። የቁጣውን መልክ ለመግለጽ ያህል፣ ተጫዋቾች ገንዘብ አዋጥተው 400 ያህል ትናንሽ ኬኮች ለኩባንያው ላኩ። ኬኮቹ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀቡ ሲሆኑ ጣዕማቸው ግን ሁሉም አንድ ነበር። ፍጻሜዎቹ ከቀለም በቀር ልዩነት የላቸውም ለማለት ነው። ስድብ ከላከ ሰው ኬክ የላከ ይሻላል፤ ኩባንያውም ኬኮቹን ለወጣቶች መጠለያ ሰጣቸው። ወቀሳው ስለ አተራረኩ እውነት ነበረው። ስለ ምርጫው ግን አልነበረውም። የጌዝን ሕዝብ ማጥፋትና ራስን መጣል የቀለም ልዩነት አይደሉም።

አሁን ወደ ትንፋሹ እንምጣ። ማጥፋትን የመረጠ፣ ያውም በቂ ሠራዊት አስቀድሞ ያሰባሰበ ተጫዋች ብቻ፣ ከሁሉም በኋላ አንዲት አጭር ትዕይንት ይታየዋል። በፍርስራሽ መካከል የወደቀ፣ የሼፐርድ ማዕረግ የሆነው ‹‹ኤን 7›› ምልክት ያለበት የጦር ልብስ ደረት አንድ ትንፋሽ ይስባል፤ ከዚያ ጨለማ ይሆናል። ፊት አይታይም። ከአሥር ዓመት በላይ የዘለቀው ግምት ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህች ትንፋሽ ላይ ነው።

ኩባንያው በኅዳር 7 ቀን 2020 አዲስ ማስ ኢፌክት በዝግጅት ላይ መሆኑን አስታወቀ። በተከታዩ ወር አንድ አጭር ፊልም ለቀቀ። በበረዶ በተሸፈነ ፍርስራሽ ላይ አንዲት ሴት ትወጣለች፤ ጎንበስ ብላ ‹‹ኤን 7›› የሚል የጦር ልብስ ስባሪ ታነሣለች፤ ቆቧን ስትገልጥ የሼፐርድ የጥንት ባልደረባ ሊያራ ሆና ትገኛለች፤ ፈገግም ትላለች። በኅዳር 2023 ደግሞ ፊቱ በራስ ቁር የተሸፈነ፣ ‹‹ኤን 7›› የተጻፈበት ረዥም ካፖርት የለበሰ ሰው የሚታይበት ሌላ ቅንጭብ ተለቀቀ። ከዚህ በኋላ የግምቱን ነገር ተዉት። የስባሪው ጠርዝ እየተለካ፣ የካፖርቱ አረማመድ የወንድ ነው የሴት እየተባለ፣ የሊያራ ፊት መጨማደዱ ዕድሜዋን ይነግረን እንደሆነ እየተመረመረ ብዙ ተባለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ‹‹ይመለሱ ይሆን?›› እንጂ ‹‹የትኛዋ፣ የትኛው ይመለሱ?›› የሚል ብዙ አልሰማሁም።

‹‹ደራሲ ገድሎ ያስነሣው ባለታሪክ አዲስ ነው ወይ?›› የሚል ይኖራል። አይደለም። አርተር ኮናን ዶይል ሸርሎክ ሆምስን በታኅሣሥ 1893 ስዊዘርላንድ ከሚገኘው የራይኸንባኽ ፏፏቴ ጣለው፤ አንባቢ አልቀበልም አለ፤ ደራሲው ለዓመታት ካንገራገረ በኋላ በ1903 ከነሕይወቱ መለሰው። ዓለም አልፈረሰም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ የተጻፉትን ደግ ታሪኮች እናገኝ ዘንድ ምክንያት ሆነ። ልዩነቱን ግን እንይ። ሆምስን ከፏፏቴው የጣለው ዶይል ብቻ ነበር፤ የራሱን ሥራ ራሱ አፈረሰ፤ ማንም የሰጠውን ቃል አላጠፈበትም። በለንደን ቤቱ ተቀምጦ መጽሔቱን ያነበበ ሰው ሆምስን አልገፋውም። የማስ ኢፌክት ተጫዋች ግን ወደ ብርሃኑ ራሱ ሮጧል። መሪውን ይዞ፣ ቀስ ብሎ እያነከሰ፣ ወደ ኋላ መመለስ እየቻለ። ያ ሰው ‹‹ሞትኩ›› ያለው በገዛ ፈቃዱ ነው። ኩባንያው ‹‹አልሞትክም›› ሲለው የሚያስነሣለት ሙት የራሱን አይደለም፤ የሌላ ሰው ነው።

ነገሩ ከዚህም ይከፋል፤ በትንፋሿ መንገድ ቢመለሱ ማለቴ ነው። ትንፋሽ ያለው በአንድ ፍጻሜ ብቻ፣ ጌዝና ኤዲ በሚጠፉበት ፍጻሜ ነው። ይህን መንገድ የመረጠ ሰው ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ብዙዎቹ አጫጆቹን ሳያጠፉ የሞቱትን ማስከበር አይቻልም ብለው፣ ዋጋውን እያወቁና እየከበዳቸው መረጡት። ያ ሊከበር የሚገባው ምርጫ ነው። ሌላው ግን ‹‹እኔን ብቻ ይውሰደኝ፤ በእኔ ምክንያት አንድ ሕዝብ አይጥፋ›› ብሎ ራሱን ሰጠ። ከዓመታት በኋላ አዲሱ ክፍል መጥቶ ‹‹እውነተኛው ታሪክ የመጀመሪያው ነው፤ ጌዝ ጠፍተዋል፤ ሼፐርድ በሕይወት አሉ›› ቢል ምን ተደረገ ማለት ነው? ራሱን የሰጠው ሰው መሥዋዕትነቱ ተሰርዞበት ያላጠፋውን ሕዝብ እንዳጠፋ ይቆጠርበታል። በሌላው ሕይወት የከፈለው ደግሞ የራሱን ሕይወት ጉርሻ አድርጎ ይቀበላል። በገሃዱ ዓለም ይህ ዘወትር ይሆናል፤ ስለዚህም ነው የሚያመን። ፍርድ የሚጓደልበት ዓለም ውስጥ እየኖርን፣ ምርጫችን ይከበርልናል ተብለን በገባንበት አንድ ትንሽ ዓለም ውስጥ እንኳ ያው ሲደገም ዝም ማለት አልችልም።

‹‹ታዲያ መጫወቻ አይደል? ማን ተበደለ?›› የሚለውን ተቃውሞ ቀላል አድርጌ አላየውም። ጌዝ የሉም። ኤዲ የለችም። የጠፋ ሕይወት የለም። ዳሩ ግን ቃል የተሰጠው ለኤዲ ሳይሆን ለሰው ነው። ኩባንያው ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ‹‹ውሳኔህን አስቀምጥ፤ ይጠየቅሃል›› ብሎ ሰዎች ከ2007 እስከ 2012 ድረስ ፋይላቸውን እንደ ውል ወረቀት እንዲያስቀምጡ አደረገ። የመጀመሪያው ክፍል በፕሌይስቴሽን 3 ስላልነበረ፣ ሁለተኛው በዚያ ላይ በ2011 ሲወጣ ያለፉትን ዋና ዋና ውሳኔዎች የሚጠይቅ የሥዕል ታሪክ እስከ ማዘጋጀት ደርሶ ነበር። ይህ የሚያሳየው ቃሉን ራሱ ኩባንያው በዚያን ጊዜ እንዴት አድርጎ እንደተረዳው ነው። ለልጅ ተረት ሲያወሩ የነገሩትን በማግሥቱ ቢለውጡበት ‹‹ትናንት እንዲህ አላልክም!›› ብሎ ያለቅሳል። ልጁ ተረት መሆኑ ጠፍቶት አይደለም። የተበደለውንም በደንብ ያውቀዋል።

ይህ ሥጋት ደግሞ ከባዶ የመጣ አይደለም። ‹‹ድራገን ኤጅ›› የተባለው ሌላው የዚሁ ኩባንያ ተከታታይ ጌም በየክፍሉ አዲስ ባለታሪክ ያመጣል፤ ይህን የሚነቅፍበት ሰው ጥቂት ነው። በ2014 ሦስተኛው ክፍል ሲወጣ ተጫዋቹ ያለፈውን ታሪኩን አንድ በአንድ እንዲሞላ አስችሎ ነበር። በ2024 የወጣው አራተኛ ክፍል ግን ካለፈው ሁሉ ጥቂት ጥያቄ ብቻ ጠይቆ ሌላውን በዝምታ አለፈው። ነገሥታት ማን እንደነበሩ፣ ማን እንደሞተና ማን እንደተረፈ የሚያነሣው የለም። አዲስ ሰው ማምጣቱ ጥፋት አልነበረም። አዲሱ ሰው የገባበት ቤት ማን እንደኖረበት አለማወቁ ነው ቅር ያሰኘው።

ማስ ኢፌክትም ራሱ አንድ ጊዜ ሸሽቶ ያውቃል። በ2017 ‹‹አንድሮሜዳ›› የተባለው ክፍል ሲወጣ ደራሲዎቹ ከሦስቱ ፍጻሜ ጣጣ ለመዳን ባለታሪኮቻቸውን ከፍጻሜው በፊት በመርከብ ጭነው፣ ከ600 ዓመት በላይ አስተኝተው ወደ ሌላ የከዋክብት ረጨት ላኳቸው። ሼፐርድ ቀርተው ራይደር የሚባሉ መንትዮች፣ ወንድምና እኅት፣ መጡ። ጌሙ በብዙ ወገን ተነቀፈ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ኩባንያው ለታሪኩ ተጨማሪ ክፍል እንደማያወጣ አስታወቀ። ‹‹ያለ ሼፐርድ ማስ ኢፌክት የለም›› የሚሉት ወገኖች እስከ ዛሬ ይህንን ማስረጃ አድርገው ይጠቅሳሉ። እኔ እንዲህ አላየሁትም። ራይደር አዲስ መሆናቸው አልጎዳቸውም። የጎዳቸው ከኋላቸው የሚጠይቃቸው፣ ከፊታቸውም የሚከብድ ነገር ሳይሰጣቸው መቅረቱ ነው። ሼፐርድም በ2007 አዲስ ነበሩ፤ ማንም አያውቃቸውም ነበር። ያከበዳቸው ቨርማየር ነው።

እንግዲህ ግምቴን እንድናገር የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ሼፐርድ የሚመሩት ባለታሪክ ሆነው ባይመለሱ እመርጣለሁ፤ የሚመለሱም አይመስለኝም። ይህን ስል የሚያዝኑ እንዳሉ አውቃለሁ። የሚወዱትን ሰው ‹‹አንድ ጊዜ ባየው›› የማይል የለም። በትንፋሿ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ተስፋ አድርገው የጠበቁትን ሰዎች ኩባንያው ራሱ ተስፋ ሰጥቷቸዋልና አልፈርድባቸውም። መጀመሪያውኑ ያችን ትንፋሽ ባያስገቡ ይሻል ነበር። ሞትን ካሳዩ በኋላ በር ገርበብ አድርጎ መተው ለአዘነ ሰው ደግነት አይደለም።

ሊያራ ግን አለች። የእርሷ ወገኖች እስከ ሺህ ዓመት ይኖራሉ፤ በመጀመሪያው ክፍል የ106 ዓመት ሆና በዘመዶቿ ዘንድ ገና ልጅ ነበረች። በሦስተኛው ክፍል ውስጥ፣ ጦርነቱ ቢሸነፍ ለሚመጡት ፍጡራን የሚተርፍ መዝገብ በየፕላኔቱ ለመቅበር ስታዘጋጅ አንድ ማታ ወደ ሼፐርድ ክፍል ትመጣለች። ስለ ሁሉም ጽፋለች፤ ስለ ሼፐርድ ግን ራሳቸውን መጠየቅ ፈልጋለች። እንዴት አድርጋ ትጻፋቸው? መልሱን የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው። ያን ምሽት ስጫወት ከጠላት ጋር ከተደረገው ውጊያ ሁሉ ይልቅ እጄ የዘገየው እዚያ ላይ ነበር። ደግሞም ከፍጻሜው በኋላ፣ የተዋንያንና የሠራተኞች ስም ዝርዝር ካለፈ በኋላ፣ በማይታወቅ ሩቅ ዘመን አንድ አዛውንት ለአንድ ሕፃን በበረዷማ ሜዳ ላይ ቆመው የሼፐርድን ታሪክ ሲተርኩ ይታያሉ። የአዛውንቱን ድምፅ የተጫወቱት በ1969 ጨረቃን ከረገጡት ሰዎች አንዱ የሆኑት በዝ ኦልድሪን ናቸው። ሕፃኑ ሁሉ እንደተነገረው ሆኖ እንደሆነ ይጠይቃል፤ አዛውንቱ ዝርዝሩ በዘመን ብዛት እንደጠፋ ይነግሩታል። ሕፃኑም አንድ ታሪክ ብቻ እንዲጨምሩለት ይለምናል።

ከዚህ ላይ መነሣት ይቻላል። አዲሱ ባለታሪክ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ሰውም ይሁን ሌላ ፍጡር፣ ሼፐርድን በዓይኑ ያላየ፣ ስማቸውን ብቻ እየሰማ ያደገ ሊሆን ይችላል። ሊያራ ደግሞ ያየች አንድ ምስክር ትሆናለች። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ሁለቱ በሆነ ቦታ፣ በዚያ በረዶ ላይ ቢሆንም ግድ የለም፣ ይገናኙና ወጣቱ ‹‹ለመሆኑ እሳቸው ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?›› ብሎ ይጠይቃታል። እርሷም መልስ ከመስጠቷ በፊት ጌሙ ቆም ብሎ መልሱን ለተጫዋቹ ይተውለታል።